ጆሮው ኦፕራሲዮን የተሠራ ልጅ ውሃ ገባበት፣ ድረሱልኝ!

የግሽ አባይ ልጅ፦ ቶሎ መልሱልኝ ባካችሁ። ታናሽ ወንድሜ ሲመግል የኖረ ጆሮው ኦፕራሲዮን ከተሠራ 11 ቀኑ ነው። ትናንት ከዘጌ በጀልባ ስንመለስ ነፋስ ተነሥቶ ውሃው ራሱን አለበሰው፣ ጥጡም የት እንደወደቀ አላየንም። ዛሬ በዚያ ጆሮ ምንም አይሰማኝም ይላል። ቤት ውስጥ የጆሮ ጠብታ አለ፣ ላድርግለት?

ጋሼ ዋርካ፦ ኧረ ልጄ፣ በ11 ቀኑ ጀልባ ላይ ማን አወጣው? እኛ ዘመን በሽተኛ ቤቱ ይተኛ ነበር። ዛሬ ሐኪም ይናገራል፣ ሰው ፎቶ ይነሣል።

ፔዳ ባጃጅ፦ እህቴ፣ ጤና አዳም በዘይት ሞቅ አድርገሽ ጠብ አድርጊለት። አያቴ ስንቱን አድናለች።

ነርሷ፦ ፔዳ፣ ያያትህን ዘይት ለጥብስ አቆየው። ጆሮ ውስጥ ምንም አይገባም! ጠብታው ለእሱ የታዘዘ ነው? ጄንታማይሲን የሚባለው መድኃኒት ካለበት ታምቡሩ ክፍት በሆነ ጆሮ አልፎ የውስጡን ሊጎዳ ይችላል።

የግሽ አባይ ልጅ፦ የእማዬ ነው፣ አምና የተረፈ።

ነርሷ፦ ጣይው።

ቀበሌ 14፦ እኔ የማይገባኝ፣ ላይሰማ ነገር ለምን ተሠራ?

ሁለቴ የተሠራሁ፦ ወንድሜ፣ ኦፕራሲዮኑ መጀመሪያ መግሉን ለማድረቅ ነው። ኮሌስቲያቶማ የሚሉት ወደ ውስጥ ያደገ ቆዳ አጥንት ይበላል፣ መስማቱ ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ነው። ደግሞ ጆሮው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ውስጡ በማሸጊያ ተጠቅጥቆ እንዴት ይስማ? እኔ ለሳምንታት እንደ ድንጋይ ነበርሁ፣ የመስማት ምርመራ የተደረገልኝም በ3ኛው ወር ነው። እህቴ፣ አፉን ዘግቶ «እምምም» ይበል። ድምፁ በተሠራው ጆሮ በርትቶ ከተሰማው ደህና ምልክት ነው፤ ወደ ጤነኛው ካደላ ግን ዛሬውኑ ለሐኪሙ ንገሪ።

ጋሼ ዋርካ፦ ጥጡ ቫዝሊን ተቀብቶ ነበር? ያልተቀባ ጥጥ ውሃ ይጠጣል እንጂ አይከለክልም።

ነርሷ፦ ጋሼ አሁን ቁም ነገር ተናገሩ። ውጪውን ብቻ በንጹህ ፎጣ አድርቂለት። አይናፈጥ፣ ካስነጠሰውም አፉን ከፍቶ። እንደዚያም ሆኖ ረጥቧልና ለሠራው ሐኪም ይታይ። ፊቱ ከተጣመመ፣ ካተኮሰው ወይም ካዞረው ደግሞ ነገ አትበሉ።

የግሽ አባይ ልጅ፦ «እምምም» አስባልሁት፣ በተሠራው በኩል ነው አለ። ግን ከሌሊት ጀምሮ ሲነሣ ያንገዳግደዋል፣ ሁለቴም አስመልሶታል። የጀልባው ነው ብለን ነበር።

ነርሷ፦ ይሄን ነበር መጀመሪያ መናገር! ስልኩን ዝጊና ሂዱ። አሁን!

ፔዳ ባጃጅ፦ ግሽ አባይ የቱ ጋ ናችሁ? ያለሁት ቅርብ ነው፣ በነጻ አደርሳለሁ። ዘይትም አልይዝም።

ጋሼ ዋርካ፦ ልጄ፣ ሁለት ቀን ሆነ። ምን አሏችሁ?