በ1942 የኩዌት የነዳጅ ጉድጓዶች ሲደፈኑ ሼኹ ካሳ መጠየቅ ነበረባቸው? (ክርክር)

ጥያቄ አቅራቢ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ባለፈው የጀመርነው የነዳጅ ወሬ ወደ ጭቅጭቅ ስለሄደብን ዛሬ በሥርዓቱ እንከራከርበት። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው። ለማታውቁት በአጭሩ፦ የኩዌቱ ገዢ ሼኽ አህመድ አልጃቢር አልሳባህ ዲሴምበር 1934 ላይ ለኩዌት ኦይል ካምፓኒ የ75 ዓመት ኮንሴሽን (ነዳጅ ፈልጎ የማውጣት መብት) ፈረሙ። ካምፓኒው እኩል በእኩል የእንግሊዙ አንግሎ ፐርሺያንና የአሜሪካው ገልፍ ኦይል ነው። ሲፈረም 475,000 ሩፒ፣ ነዳጅ ለንግድ በሚበቃ መጠን እስኪገኝ በዓመት 95,000፣ ከተገኘ በኋላ በቶን 3 ሩፒ ሆኖ በዓመት ከ250,000 የማያንስ። ፌብሩዋሪ 1938 ኩዌት ውስጥ ቡርጋን የሚባል ቦታ ላይ ነዳጁ ወጣ። ጦርነቱ መጣና በ1942 ጉድጓዶቹ በሲሚንቶ ተደፈኑ፣ ሥራው ቆመ። የመጀመሪያው ነዳጅ በመርከብ የሄደው ጁን 30 ቀን 1946 ነው። ጥያቄዬ፦ እንዲህ አይነት መቆም ሲመጣ የአገሩ ገዢ "ለቆመበት ጊዜ ክፈሉኝ" ማለት መብቱ ነው ወይስ ጦርነት ለሁሉም ጦርነት ነው ብሎ መፈረም አለበት?

ሕግ ተማሪው፦
እኔ በግልጽ ካሳ አይገባም ባይ ነኝ። ጦርነት ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ነው፣ የኛም ፍትሐ ብሔር ሕግ 1792 ላይ ያለው ሐሳብ ይሄው ነው፣ ሰው ሊገምተው በማይችለው ነገር ግዴታውን መፈጸም ጭራሽ ካልቻለ ኪሳራ አይጠየቅም። 1942ን አስቡት እስቲ። የጀርመኑ ጄኔራል ሮሜል ግብጽ ውስጥ ኤል አላሜይን ደርሷል፣ ጀርመን በካውካሰስ በኩል ወደ ነዳጁ እየወረደ ነው፣ ኦገስት ላይ የነዳጅ ከተማዋ ማይኮፕ ሲገባ ሶቪየቶች ጉድጓዶቹን ራሳቸው አበላሽተው ነው የወጡት። ደቾቹም ጃፓን ስትመጣባቸው ባሊክፓፓን (ዛሬ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያለች የነዳጅ ከተማ) ላይ ያንኑ አድርገዋል። ቡርጋን ክፍት ሆኖ ሂትለር እጅ ቢገባ ሼኹ ምን ያተርፉ ነበር? ብረቱ፣ መርከቡ፣ ባለሙያው ሁሉ ለጦርነቱ ነው የሚፈለገው፣ ካምፓኒው ልቆፍር ቢልም በምን ይቆፍራል?

የፉርዋኒያዋ፦
ወንድሜ ከአቅም በላይ የሆነው ለማን ነው? ካምፓኒውን አቁም ያለው የእንግሊዝ መንግሥት ነው አይደል? የዛ የእንግሊዙ ግማሽ ባለቤት ደግሞ ማነው? ራሱ የእንግሊዝ መንግሥት! ከ1914 ጀምሮ የአንግሎ ፐርሺያንን አብላጫ አክሲዮን የያዘው እሱ ነው። የገዛ ባለቤቱ አቁም ያለው ካምፓኒ "ከአቅሜ በላይ ሆኖብኝ ነው" ሲል አንተ ዳኛ ብትሆን ዝም ብለህ ትቀበላለህ? ደግሞ ነዳጅ በሙሉ አልቆመም እኮ። ኢራን ያለው የአባዳን ማጣሪያ ቀንና ሌሊት ይሠራ ነበር። የባህሬን ማጣሪያም ኦክቶበር 1940 የጣሊያን አውሮፕላን ቦምብ ጥሎበት እንኳን አልተዘጋም። ስለዚህ የትኛው ይቀጥል የትኛው ይቁም ብሎ ቁጭ ብሎ የመረጠ ሰው አለ፣ ኩዌትና ኳታር ይቁሙ ተባለ። መርጠህ ያደረግከውን ነገር ዶፍ ዝናብ እንደጣለብህ አድርገህ ልታወራ አትችልም።

አንባቢ ከባህር ዳር፦
እህቴ ባህሬንን ካነሳሽ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። እነዛ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከሮድስ ደሴት ተነስተው ባህሬንንና የሳዑዲዋን ዳህራንን ደብድበው ያረፉት ዙላ ላይ ነው፣ ምጽዋ አጠገብ። ያኔ እኛም ኤርትራም በጣሊያን እጅ ነን። ወደ ጉዳዩ ስመለስ ግን ሕግ ተማሪው ስለ ስጋቱ ያለው እውነት ነው፣ ስጋቱ የፈጠራ አልነበረም። በ1941 ብቻ ኢራቅ ውስጥ የረሺድ አሊ ግልበጣ ነበር፣ ኢራንን እንግሊዝና ሶቪየት ኦገስት ላይ ገብተው ያዟት። ስለዚህ መደፈኑን አልቃወምም። የምቃወመው መደፈኑና ሒሳቡ አንድ ላይ ተጠቅልለው መቅረባቸውን ነው። ይደፈን፣ እሺ። የሚጠቀመው ግን ለንደን ነው፣ ወጪውን ለምን ኩዌት ይሸከም?

ሕግ ተማሪው፦
ምን ወጪ? እስቲ ቁጥር እናውራ። በ1942 ኩዌት ገና አንድ በርሜል ኤክስፖርት አላደረገችም። ከቡርጋን ወደ ባሕር የሚወስድ መስመር የለም፣ መርከብ የሚጭን ተርሚናል የለም። በኋላ ሲሠራ እንኳን አህመዲ ያለው ከፍታ ላይ ታንከር አስቀምጠው ነዳጁ በራሱ ቁልቁለት ወደ ባሕሩ እንዲወርድ ነው ያደረጉት፣ ያ ሁሉ የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ስለዚህ "አምስት ዓመት ነዳጅ ሸጠን ይሄን ያህል እናገኝ ነበር" የሚለው ስሌት አይሠራም። የቆመው ቁፋሮ ነው። ነዳጁ ደግሞ የትም አልሄደም፣ እዛው መሬት ውስጥ ነው፣ ሲሚንቶውን በስተው እንደገና ከፈቱት በቃ። የዘገየ እንጂ የጠፋ ነገር የለም።

የዶሃው ሾፌር፦
የጠፋ የለም ስትል አዝናለሁ። እኔ ዱኻን መንገድ ላይ ነው የምሠራው፣ ከዶሃ ወደ ምዕራብ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዛሬ አስፋልቱ ላይ ስትሄድ ምንም አይታይህም፣ የኳታር ነዳጅ የተጀመረው ግን እዛ ነው። ሼኽ አብዱላህ ቢን ጃሲም አልሳኒ በ1935 ፈረሙ፣ በ1940 መግቢያ ነዳጁ ታየ፣ በ1942 እንደ ኩዌት ተደፈነ። ያኔ የአገሩ ሰው በምን ይኖር ነበር? ከባሕር ሉል ጠልቆ በማውጣት ነበር፣ ጃፓኖች ሉል በእርባታ ማምረት ጀመሩ፣ የ1929ኙ የዓለም ቀውስ ተጨመረ፣ ገበያው ወደቀ። ጀልባ የነበረው ሰው ሁሉ ዕዳ ውስጥ ገባ። ተስፋው ዱኻን ብቻ ነበር፣ ጉድጓዱ ላይ ተቀጥሮ የቀን ደሞዝ የሚያገኘውም ሰው ሲደፈን ሥራ አጣ። በጦርነቱ ደግሞ እህል በመርከብ መምጣት ተቸገረ፣ ሰው ተራበ፣ ብዙ ቤተሰብ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ለነዳጁ "ዘገየ" ትላለህ፣ ለተራበ ልጅ ግን የዘገየ ምግብ የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያው የኳታር ነዳጅ የተጫነው ዲሴምበር 31 ቀን 1949 ነው፣ ሼኽ አብዱላህ ከአራት ወር በፊት ኦገስት ላይ ሥልጣን ለቀዋል። በ1935 የፈረሙበትን ነገር በሥልጣናቸው ላይ ሆነው አላዩትም።

የፉርዋኒያዋ፦
ኩዌትም ያው ነው። የምሠራበት ቤት ያሉት አሮጊት ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ ሁልጊዜ የሚያነሱት ውሃውን ነው፣ የሚጠጣ ውሃ ኢራቅ በኩል ካለው ከሻት አልአረብ ወንዝ በጀልባ ይመጣ ነበር፣ ከወደቡ በአህያ ላይ በአቁማዳ ተጭኖ በየሰፈሩ ይሸጣል፣ ነፋስ ጀልባውን ካዘገየው ሰው ይጠማል። ነዳጅ እግራቸው ሥር ተገኝቶ ከተደፈነ በኋላም እንደዛ ነው የኖሩት። የጨው ውሃ የሚያጣራ ማሽን የመጣው የነዳጁ ብር ሲመጣ ነው። እና ሕግ ተማሪው ቁጥር እናውራ ካልክ፣ 100,000 ቶን ብቻ ቢወጣ በ3 ሩፒ 300,000 ነው፣ ከ95,000 ጋር አስተያየው። ያን ያህል ለመጫን ደግሞ ትልቅ ተርሚናል አያስፈልግም ነበር።

የታሪክ መምህር፦
ሁላችሁም "ኩዌት"፣ "ሕዝቡ" ትላላችሁ፣ ግን ካሳው ቢከፈል ማን ኪስ ነው የሚገባው? ይሄን ሳይጠይቁ መከራከር ልክ አይመስለኝም። በ1938 የኩዌት ነጋዴዎች መጅሊስ (ምክር ቤት) አቋቁመው ነበር፣ ከሼኹ ጋር ከተጣሉባቸው ነገሮች አንዱ የነዳጅ ክፍያው በመጅሊሱ እጅ ይሁን የሚለው ነው። ዲሴምበር ላይ ሼኹ መጅሊሱን በተኑት። በ1942 እንግሊዝ ስለ መዝጋቱ የምታናግረው ሰው እንግዲህ ከአራት ዓመት በፊት ገንዘቡን የሚቆጣጠረውን ምክር ቤት ያፈረሰው ሰው ነው። ብቻውን የቀረ ገዢ ሲደራደር ጉልበት የለውም፣ "ሕዝቤ አይቀበለኝም" ብሎ ማስፈራራት አይችልም፣ ሕዝቡን አላማከረማ።

አንባቢ ከባህር ዳር፦
መምህር ይሄ ትልቅ ነጥብ ነው፣ ግን ብቻቸውን ያደረጋቸው መጅሊሱ ብቻ አይደለም። በ1899 የያኔው የኩዌት ገዢ ሼኽ ሙባረክ ከእንግሊዝ ጋር በፈረሙት መሠረት ኩዌት ያለ እንግሊዝ ፈቃድ መሬት ለሌላ መስጠትም የሌላ አገር ወኪል መቀበልም አትችልም፣ በ1913 ደግሞ የነዳጅ ኮንሴሽን እንግሊዝ ላልፈቀደችለት አልሰጥም ብለው ጻፉላት። ሌላ በር የለም። ጭራሽ ጠረጴዛው ማዶ ያለውን ሰው እዩ፦ ሃሮልድ ዲክሰን እስከ 1936 በኩዌት የእንግሊዝ ፖለቲካል ኤጀንት (የመንግሥቷ ወኪል) ነበር፣ ከዛ ጡረታ ወጥቶ የኩዌት ኦይል ካምፓኒ የአገር ውስጥ ዋና ወኪል ሆነ። ሼኹ መንግሥቱንና ካምፓኒውን ለይተው የሚያናግሩበት መንገድ አልነበረም።

አሁን ከሳዑዲው ንጉሥ ከኢብን ሳዑድ ጋር አስተያዩት። እዛም ጦርነቱ ሥራውን ቀንሶታል፣ የሐጅ ገቢም ወድቋል። እሳቸው ግን በሞግዚት ውል አልታሰሩም፣ ካምፓኒያቸውም አሜሪካዊ ነው። የቅድሚያ ክፍያ አምጡ እያሉ አስጨነቁት፣ ካምፓኒው ዋሽንግተን ሮጠ፣ እንግሊዝም ድጎማ ሰጠች፣ በመጨረሻ ፌብሩዋሪ 1943 ሩዝቬልት ሳዑዲ የሌንድ ሊዝ (አሜሪካ በጦርነቱ ለወዳጆቿ የምትሰጠው) እርዳታ ይገባታል ብሎ ወሰነ። ያው ጦርነት፣ ያው ባሕረ ሰላጤ። ልዩነቱ የሚሄዱበት ሌላ ቤት መኖሩ ነው። የኛውስ? ጃንዋሪ 31 ቀን 1942 ጃንሆይ ከእንግሊዝ ጋር ሲፈርሙ ድጎማ አገኙ፣ ኦጋዴን ግን በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቀረ። ዲሴምበር 1944 ሲደራደሩ ውሉን አሻሻሉ፣ በ1945 ደግሞ የነዳጅ ፍለጋውን ለአሜሪካው ሲንክሌር ሰጡ። አሜሪካ ወደ ጨዋታው ስትገባ የእንግሊዝ እጅ እየላላ ሄደ፣ አብዛኛው ኦጋዴን በ1948 ተመለሰ።

ሕግ ተማሪው፦
የኢብን ሳዑዱን እቀበላለሁ፣ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ግን እሱ እኮ የኔን ነው የሚያጠናክረው፣ ያገኙት እርዳታና ቅድሚያ ክፍያ ነው፣ ካሳ አይደለም። መብት ነው ብሎ የከፈላቸው የለም፣ ስላስፈለጓቸው ነው የከፈሏቸው።

የፉርዋኒያዋ፦
ስሙ ምንም ይሁን ብሩ ገባ አይደል! ስም አያጣላንም፣ ቅድሚያ ክፍያም በሉት። የኔ ጥያቄ ሼኽ አህመድ ያን ቀን ምን ይዘው መግባት ይችሉ ነበር ነው። መከልከል አይችሉም፣ ገብቶኛል። ግን ጉድጓዱ ያለው የሳቸው መሬት ላይ ነው፣ ያለ ጠብ በወዳጅነት እንዲዘጋ ደግሞ እንግሊዝ ትፈልጋለች፣ በጦርነት መሐል ሌላ ራስ ምታት አትፈልግም። ያቺ ትንሽ ፍላጎት ዋጋ አላት።

ጥያቄ አቅራቢ፦
ስለዚህ በተግባር ምን ይጠየቅ ነበር? ሁላችሁም አንድ አንድ ነገር በሉና እንዝጋ።

የዶሃው ሾፌር፦
እህል። መርከቡን የያዘው እንግሊዝ ነው፣ ጉድጓዱ ተዘግቶ እስከቆየ ድረስ በየወሩ የተወሰነ ሩዝና ስንዴ ውሉ ላይ ይጻፍ፣ የተቀነሱት ሠራተኞችም ይካተቱበት።

የታሪክ መምህር፦
ስምምነቱ ለነጋዴዎቹም ለሕዝቡም ይነበብ። በድብቅ የተፈረመ ነገር ላይ በኋላ መከራከር አይቻልም።

ሕግ ተማሪው፦
የመክፈቻ ቀን። ጦርነቱ ባበቃ በስድስት ወር ውስጥ ቁፋሮ ካልተጀመረ ገዢው ኮንሴሽኑን መልሶ መውሰድ ይችላል የሚል አንቀጽ። ይሄን ብቻ ነው ሕግ የሚደግፈው፣ ሌላው ልመና ነው የሚመስለኝ አሁንም።

የፉርዋኒያዋ፦
ልመና አይደለም፣ ቁጥሩ ራሱ ውሉ ላይ አለ። ቡርጋን ላይ ነዳጅ መኖሩን በ1942 የሚጠራጠር ሰው አልነበረም፣ ስለዚህ በቆመበት በእያንዳንዱ ዓመት ያ ትንሹ 250,000 ሩፒ ሳይጓደል ይከፈል፣ የቆመው ጊዜም ለካምፓኒው ከ75ቱ ዓመት ላይ አይጨመርለት። ሕግ ተማሪው፣ መልስ ካለህ ነገ ጻፍልኝ፣ እኔ አሁን ሥራ ልገባ ነው።