ራፕተር 700 (ባለ አራት ጎማው ሞተር) ሁለተኛ ማርሽ አልገባ አለኝ፣ ቶሎ መልሱልኝ!

በረሃው፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። ሻርጃ ባዳየር አሸዋው ላይ ነኝ፣ ከሰዓት እንግዳ ይዤ እወጣለሁ። አውቶማቲኩን ለምጄ ዛሬ ባለ ፍሪሲዮኑን ሰጡኝ። በአንደኛ ይነሳል፤ ሁለተኛ ላስገባ ስል ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይሄድም። ማርሹ ተበልቷል መሰለኝ።

ጋሽ ፒስተን፦ ልጄ፣ መጀመሪያ የያዝከውን ማሽን እወቅ። አምስት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ ነው። አንደኛ ወደ ታች ተረግጦ ይገባል፣ ሌሎቹ ወደ ላይ። የዛሬ ልጆች ሳትማሩ ቁልፍ ትቀበላላችሁ። እኛ ሞተሩ ጠፍቶ ነበር ማርሽ የምንለማመደው።

ሚሚ፦ ማርሹ ሳይሆን ያልበላኸው አንተ ነህ፣ ቁርስ ቅመስ 😂

ዳኒ ካቦ፦ የፍሪሲዮን ካቦ ነው። አጥብቀው።

የአዳማው፦ ምንም አልተበላም። ፎሌ ላይ፣ ማለትም ምንም ማርሽ ያልገባበት ቦታ ላይ፣ ቀርተህ ነው። ፎሌው በአንደኛና በሁለተኛ መሃል ስለሆነ እግርህን ፈራ ተባ እያልክ ካነሳህ እዚያው ትቀራለህ። አረንጓዴዋ የፎሌ መብራት በራች? ጋዝ ልቀቅ፣ ፍሪሲዮን ጨብጥ፣ የማርሽ ፔዳሉን ከስር በእግር ጣትህ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ አንሳ፤ ፍሪሲዮኑን እስክትለቅ እግርህን ከፔዳሉ አታውርድ።

ባጃጅ ነበርኩ፦ እኔ እስካሁን ማርሽ ልቀይር ስል ግራ እጄ እጀታውን ይጠመዝዛል። ፈረንጁ ደንግጦ ያየኛል።

ዳኒ ካቦ፦ ካቦውን አጥብቅ አልኩ እኮ።

የአዳማው፦ ዳኒ፣ ሰው አታሳስት! ከልክ በላይ ከጠበቀ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ይቃጠላልም። የመጨበጫው ጫፍ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ልል ይሁን።

ጋሽ ፒስተን፦ ደግሞ ምን ማለት ነው «እንግዳ ይዤ»? ራፕተር የአንድ ሰው ነው፣ ከኋላ አይጫንም።

በረሃው፦ ኧረ ጋሼ፣ እነሱ በየራሳቸው ነው፣ እኔ ፊት እመራለሁ። መብራቷ አዎ በርታለች። በጣት ማንሳት ግን ያማል፣ ነጠላ ጫማ ነው ያደረግኩት።

ሚሚ፦ 😳

የአዳማው፦ ይሄን መጀመሪያ አትናገርም?! ቡት ተዋስና አድርግ። ሄልሜትም።

በረሃው፦ እሺ፣ ቡት ተገኘ። አሁን ሁለተኛ ይገባል፣ ግን ወዲያው ሞተሩ ይጠፋል።

የአዳማው፦ አሸዋ ፍጥነት ይበላል። አንተ ስትቀይር ከዘገየህ ማሽኑ ሊቆም ደርሷል፣ ሁለተኛ ደግሞ ከዚያ አያነሳም። አንደኛን ትንሽ አስጩኸውና ቶሎ ቀይር። ሽቅብ መሃል ላይ አትቀይር፣ ሜዳው ላይ ጨርሰህ ውጣ። ሊጠፋ ሲንዘፈዘፍ ፍሪሲዮን ጨብጥ። የጎማውንም አየር እይ፣ ከ4 እስከ 5 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይበቃዋል፤ እንደ መኪና ሞልተውት ከሆነ አሸዋው ውስጥ ይቀበራል።

ጋሽ ፒስተን፦ ዛሬ ሌላ ሰው ይምራ፣ አንተ ከኋላ ተከተል።

ሚሚ፦ በረሃው፣ ወጣህ እንዴ?

ዳኒ ካቦ፦ ለማንኛውም ካቦውን ይየው።