«ገበሬው ኖራ አልቀበልም ብሏል» — ማን ጠየቀው?

ጉደራ፦
ትናንት ማታ በከተማችን ኤፍኤም ስለ አሲዳማ አፈርና እሱን ለማከም ማሳ ላይ ስለሚበተነው ኖራ የተላለፈውን ቃለ መጠይቅ የሰማችሁ አላችሁ? አርባ ደቂቃ አንድ ባለሙያ ብቻ ተናገረ። ከሁሉ ያንገበገበኝ «ገበሬው ግንዛቤ ስለሌለው ኖራ አልቀበልም ብሏል» ያለው ነው። ጋዜጠኛዋም «እሺ» ብላ አለፈችው። የምሥራቅ ጎጃሙ የማቻክልና የጎዛምን ገበሬ ገብሱ እምቢ ሲለው ወደ እንግዶ (የአጃ ዓይነት) የዞረው መሬቱ መታመሙን ከማንም ቀድሞ ስላወቀ ነው። ግንዛቤ የሌለው እሱ ነው?

ቀይ አፈር፦
ወንድሜ፣ ባለሙያው አልዋሸም። ከማሳ ዳር ተራግፎ ክረምቱን ዝናብ እየመታው የተጋገረ ኖራ አለ። ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየሙ ይሟሟና ሥሩን ይመታል፤ ፎስፈረሱንም አሉሚኒየምና ብረት ስለሚይዙት ማዳበሪያው በከንቱ ይቀራል። ይህ እየተነገረው ያልበተነ ሰው አልተቀበለም ቢባል ምን ስህተት አለው?

ጉደራ፦
«ዳር ላይ ቀረ» እና «አልቀበልም አለ» አንድ ናቸው? እናስላው። የላብራቶሪው ውጤት ተለዋዋጭ አሲዳማነት (በአፈሩ ቅንጣት ላይ የተያዘው አሉሚኒየምና አሲድ) 2 ቢል፣ ለ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ የአፈሩ እፍግታ (የአንድ ሊትር ደረቅ አፈር ክብደት በኪሎ) 1.2 ሆኖ፣ በሄክታር 18 ኩንታል ይመጣል። ለሰብል በ1.5 ሲባዛ 27። ለአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) ሰባት ኩንታል ገደማ ማለት ነው። በሄክታር አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ለሚያደርግ ሰው የጥማዱ ድርሻ 25 ኪሎ ነው፤ በትከሻው ይዞት ይገባል። ሰባት ኩንታል ግን አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ብትጭን አሥራ አራት ምልልስ ነው። ጋዜጠኛዋ «ስንት ኩንታል? ከመንገዱ እስከ ማሳው በምን ይደርሳል?» ብላ ብትጠይቅ ኖሮ «አልቀበልም» የሚለው ቃል እዚያው ይፈርስ ነበር።

ቀይ አፈር፦
ስሌቱ ልክ ነው፤ ግን እሱ ለሙሉ ማሳ ነው። በዘር መስመሩ ውስጥ ብቻ ሩቡን ያህል በየዓመቱ መጨመርም ይቻላል። ይህንን ባለሙያው ተናግሯል፤ አንተ ዘለልከው።

ጮቄ ሥር፦
ጤፉን በብተና ለሚዘራ ገበሬ መስመሩ የት አለ? እኔን ግን የከነከነኝ «ብሏል» የሚለው ነው። ብሏል ለማለት ያለ ሰው ያስፈልጋል። የየት ቀበሌ ገበሬ ነው ያለው? ለማን? መቼ? አንድ ሰው ያላለውን በሚሊዮን ገበሬ አፍ ማስገባት በሬዲዮ ሲሆን የባሰ ነው፤ ያው ገበሬ ራሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ እየሰማው ነውና።

ሞገድ፦
ጋዜጠኛዋን ለቀቅ አድርጓት። ቀጥታ ስርጭት ላይ ገበሬ በስልክ ማስገባት ከውጭ እንደሚታየው አይደለም። አሥር ደቂቃ ቀድሞ መደወል፣ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ እንዲወጣ መንገር፣ አጠገቡ ያለውን ሬዲዮ ማስጠፋት አለ። ሬዲዮው ካልጠፋ ድምፁ በስልኩ ተመልሶ ይጮኻል፤ ሰውየውም የራሱን ድምፅ ዘግይቶ ሲሰማ ንግግሩ ይጠፋበታል። መስመሩ ከተቆረጠ ደግሞ ስቱዲዮው ባዶ ይቀራል።

ጉደራ፦
ቀጥታ ካልተመቸ ቀድሞ ይቀዳ። ነፋሱን በጀርባ ከልሎ፣ ማይኩን ከአፉ አንድ ስንዝር አርቆ፣ ሲያበቃ የማሳውን ድምፅ ብቻ ሠላሳ ሰከንድ መቅዳት ነው፤ ኋላ ሲቆረጥ መጋጠሚያው እንዳይሰማ። አምስት ደቂቃ የገበሬ ድምፅ ከአርባ ደቂቃ የቢሮ ንግግር ይበልጣል።

ሞገድ፦
የመኪናውን ነዳጅ ማን ይችላል? ለዚያ የሚሰጥ በጀት የለም። ይህን ሳትጠቅስ ሥራዋን ማቃለል ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጮቄ ሥር፦
«ለምን አልተቀበለም?» ብሎ ለመጠየቅ ነዳጅ አያስፈልግም፤ ባለሙያው ፊቷ ተቀምጧል። መልሱም ከቃሉ ይጀምራል። በእኛ አገር ኖራ ሲባል ሰው የሚያውቀው ለግድግዳ የሚሆነውን ነው። እሱ በእሳት ተቃጥሎ የሚወጣ ነው፤ ውኃ ሲነካው ይፈላል፣ እጅ ይልጣል። ለማሳ የሚሰጠው ግን ያልተቃጠለ፣ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርተን ገበሬው «ዘሬን ይፈጅብኛል» ብሎ ቢፈራ ጥፋቱ የማን ነው? አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር፤ በአርባ ደቂቃ አልተነገረችም።

ቀይ አፈር፦
ይህን እቀበላለሁ። «የተፈጨ የኖራ ድንጋይ» መባል ነበረበት። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ያወጣል፤ በጣት ሲታሸም እንደ ዱቄት መላም አለበት። እንደ አሸዋ ከቆረቆረ በዚያ ክረምት ብዙ አይሠራም።

አዊ ፈረስ፦
እናንተ ስለ ኖራ ስትጨቃጨቁ የአዊዎቹ ፋግታ ለኮማና ባንጃ ደከረንስ (ቶሎ የሚያድግ የግራር ዓይነት) ተክለው መሬታቸውን አሳርፈዋል። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ፣ በአምስት ዓመት ገደማ ከሰል፣ ከዚያ መልሶ ጤፍ። ኖራ የጠየቀ የለም።

ቀይ አፈር፦
ያንኑ ደከረንስ ዝገት መሰል በሽታ ገብቶ አላደረቀውም? አንድ ዛፍ ብቻ የተማመነ ሲመታ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመታል። ደግሞ ሁለት ጥማድ ብቻ ያለው ሰው እነዚያን ዓመታት ምን ይበላል?

አዊ ፈረስ፦
በሽታው መጣ ማለት መንገዱ ስህተት ነበር ማለት አይደለም። ከሰሉ ስንቱን የቆርቆሮ ቤት እንዳሠራ እንጅባራ ወርዶ ማየት ነው። የሬዲዮው ሰውዬ ስለ እኛ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

የደጀን ዳገት፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁም ናሙናውን ረሳችሁት። ሳይለካ 27 ኩንታል ማለትም፣ ሳይለካ ማዘዝም አይሆንም። በማሳው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር መቆፈር፤ ከድንበሩ፣ ከዛፍ ሥርና ፍግ ከተከመረበት መራቅ፤ በፕላስቲክ ባልዲ መቀላቀል፤ ግማሽ ኪሎውን ጥላ ላይ አድርቆ፣ ጽፎበት መላክ። ለዓይን ደግሞ የቀጨጨውን የገብስ ቡቃያ ከነአፈሩ አውጥቶ በውኃ ማጠብ ነው። ሥሩ አጭርና ወፍራም ሆኖ ጫፉ ከተድቦለቦለ፣ ፀጉር የመሰለው ቅርንጫፍ ከጠፋ፣ አሉሚኒየም መትቶታል። ይህን ሬዲዮ ቢናገረው ገበሬው በማግስቱ ነቅሎ ያየዋል።

ጉደራ፦
አባቴ፣ እግዜር ይስጥልን። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር ነበር መጠየቅ የነበረበት። ቀይ አፈር፣ አንተ ግን ዋናውን አልመለስክም። ኖራ ከዘር በፊት አንድ ሁለት ወር ቀድሞ፣ በሚያዝያና በግንቦት ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበት። ሰኔ መጨረሻ የደረሰውን ያልበተነ ሰው «አልቀበልም ብሏል» ይባላል?

ቀይ አፈር፦
ሰኔ የደረሰውም ለከርሞ ይሆናል። ከዝናብ ከልሎ ማቆየት ነው፤ ያንን አላደረገም።

ጮቄ ሥር፦
ከልሎ የት? እህሉን የሚያስገባበት ጎተራ ላይ ሰባት ኩንታል ድንጋይ ይከምር? ይኸውልህ፣ አንተም «አላደረገም» አልክ።

ቀይ አፈር፦
አላደረገም ነው ያልኩ፤ አልቀበልም አለ አላልኩም።

ጉደራ፦
እሱ እንዲህ ቢል ኖሮ እኔም ይህን አልጽፍም ነበር።