ጠባያችንን ይዘነው እንሻገራለን ወይስ ከሞት በኋላ ይለወጣል?

ጠያቂ (ከአራት ኪሎ)፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በቅርቡ በሰፈራችን በአንዲት እናት የአርባ ቀን ተዝካር ላይ ተገኝቼ ነበር። በውርስ ቤት ምክንያት የተኳረፉት ሁለቱ ልጆቻቸው፣ አንደኛው እንጀራውን፣ ሌላኛው ጠላውን ይዘው ለነዳያን ሲያድሉ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ዋሉ። ሁለቱም ስለ እናታቸው ነፍስ ከልባቸው እንደሚያስቡ አልጠራጠርም። ከዚያ ወዲህ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16ን ደጋግሜ አነበብሁ። በዚያ ታሪክ ያለው ባለጠጋ በሲኦል እየተሠቃየ እንኳ ድሃውን አልዓዛርን በቀጥታ አንዲት ቃል አይናገረውም፤ በመጀመሪያ ውኃ እንዲያመጣለት፣ ቀጥሎም ወደ አምስቱ ወንድሞቹ እንዲሄድለት፣ እንደ አሽከር «ስደደው» እያለ አብርሃምን ይለምናል። ሞት ጠባዩን አልለወጠውም። ታዲያ እኛ ቂማችንንና ትዕቢታችንን እንደያዝን ብንሞት፣ በመንግሥተ ሰማያት ያ ጠባይ በቅጽበት ይወገዳል ወይስ የሰው ልጅ በመልካምነት ማደጉን ከሞትም በኋላ ይቀጥላል?

አንደኛ መልስ (የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፣ ፒያሳ)፦
ወንድሜ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት የጻድቃን ነፍሳት በገነት፣ የኃጥአን ነፍሳት በሲኦል ሆነው ትንሣኤ ሙታንን ይጠባበቃሉ፤ የንስሓ ጊዜ ግን በዚህ ዓለም ነው። ጸሎተ ፍትሐትም ሆነ ተዝካር በሕይወት ያለነው ለሞቱት የእግዚአብሔርን ምሕረት የምንለምንበት እንጂ ሟቹ ሊለውጠው ያልወደደውን ልብ እኛ የምንለውጥበት አይደለም። ስለ ማደግ ግን፣ በ4ኛው መቶ ዘመን የነበረው ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ያስተማረው እጅግ ያጽናናኛል፤ እግዚአብሔር ወሰን ስለሌለው ወደ እርሱ የሚቀርብ ሰው እድገትም ፍጻሜ የለውም ይላል፤ ለዚህም ሐዋርያው ጳውሎስ በፊቱ ወዳለው እየተዘረጋ እንደሚሮጥ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈውን ይጠቅሳል። ሆኖም የሚያድገው የተዘራው ነው። ስለ ሁለቱ ወንድማማቾችም ጌታ በማቴዎስ ምዕራፍ 5 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏል፤ ተዝካርም መባ ነውና የአካባቢው ሽማግሎች ዝም ማለት አልነበረባቸውም።

ሁለተኛ መልስ (የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ምእመን፣ ካዛንቺስ)፦
ለሙታን መጸለይን ባልቀበልም ጥያቄው የሁላችንም ነው። ዕብራውያን 9፥27 ከሞት በኋላ ፍርድ እንጂ ሌላ የመሻሻያ ዘመን እንዳለ አይናገርም። ፍጹም የሚያደርገን እርሱን ማየታችን እንደሆነ 1ኛ ዮሐንስ 3፥2 ያስተምራል። በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ጠባዩን ለማረም የሚበቃ ዕድሜ አልነበረውም፤ ነገር ግን በዚያው ቀን ገነት ገባ። ይህ ማለት ቅድስናን ችላ እንበል ማለት አይደለም፤ ያው የዮሐንስ መልእክት ምዕራፍ ቀጥሎ ይህ ተስፋ ያለው ሁሉ ራሱን እንደሚያነጻ ይናገራልና። እኔ ቂሜን ለመተው የምታገለው ለመዳን ሳይሆን ስለ ዳንሁ ነው።

ሦስተኛ መልስ (ካቶሊካዊ፣ ፒያሳ)፦
በእኛ ትምህርት በጸጋ የሞተች፣ ግን ገና ያልነጻች ነፍስ ከሞት በኋላ ትነጻለች፤ የፍሎረንስ ጉባኤም በ1439 ይህንኑ አጽንቷል። ሆኖም በእግዚአብሔር ላይ ልቧን ዘግታ የሞተች ነፍስ በዚያ መንገድ ትመለሳለች አይባልም።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ወንበዴው ግን ለካዛንቺሷ እኅቴ አንድ ነገር ልጨምር። በመስቀል ላይ በቀሩት ጥቂት ሰዓታት ጓደኛውን ገሠጸ፤ ቅጣቱ የሚገባው መሆኑን አመነ፤ ለንጹሑም መሰከረ። ሌሎች ሲዘብቱ ይህን ሁሉ መናገር ቀላል አልነበረም። ባለጠጋው በሕይወት ዘመኑ ሁሉ ያላደረገውን እርሱ በአንድ ቀን አድርጎታል። ስለዚህ ጊዜው አጠረ እንጂ መለወጡ ከሞት በፊት በግልጽ የታየ ይመስለኛል፤ እርስዎ ይህን እንዴት ያዩታል?