የዛገ የተሳቢ ጎማ ዳዶ እንዴት ላውጣ?

ሰላም ወገኖች፣ የመኪና ሥራ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። አሮጌ የጀልባ ተሳቢ ገዛሁና የግራው ጎማ አልወጣ አለኝ። የቀድሞው ባለቤት ለዓመታት ቼሳፒክ ቤይ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ላይ ጀልባ ሲያወርድበት ነው የኖረው። ጨው ያለበት ውሃ ደግሞ ብረት አይምርም።

ዳዶዎቹ አምስት ናቸው። ሁለቱ ወጥተዋል። ሁለቱ ንቅንቅ አይሉም። አንዱ ግን ማዕዘኑ ተልጦ ክብ ሆኗል፤ ዳዶውን የሚይዘው የመፍቻ ራስ (ቡሶላው) ዝም ብሎ ይዞርበታል። በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነፍቼ አሳድሬዋለሁ። ጎማው መሬት እንደነካ፣ የዳዶ መፍቻው እጀታ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቼ በሙሉ ክብደቴ ተጭኜዋለሁ። ወይ ፍንክች!

በእሳት አሙቀው የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን እፈራለሁ። ከኋላ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አለ፤ ግራሶው ይቀልጣል፣ ግራሶውን የሚይዘው ላስቲክም ይቃጠላል። ቸርኬው (ላስቲኩ የሚገጠምበት ብረት) ደግሞ ዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክ ሲግል የሚወጣው ጭስ ያሳምማል።

የተላጠውን ዳዶ ቸርኬውን ሳልነካ በግራይንደር መሰንጠቅ ይቻላል? ወይስ ብሎኖቹን ሰብሬ ሃቡን፣ ማለትም ጎማው የሚታሰርበትን ክፍል፣ ከነኩሽኔታው ብቀይር ይሻላል? በዋጋ ብዙም የሚለያይ አይመስለኝም።

ጎማዎቹን ለማንኛውም እቀይራለሁ። ጎናቸው ላይ 0911 ይላል፤ የ2011 ዘጠነኛ ሳምንት ምርት ናቸው። ቸርኬዎቹን ግን ማዳን እፈልጋለሁ። ዝገቱን ከጠረግሁ በኋላ ጨዋማ ውሃ የሚችል ምን ዓይነት ቀለም ልቀባቸው? የሞከራችሁት ካለ ንገሩኝ፣ በጣም አመሰግናለሁ።