የዕቅድ ውይይት፦ ከአትላንታ ወደ ኬፕ ካናቬራል፣ ሮኬት ሲመጥቅ ለማየት

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ የማኅበራችን አባላት። ባለፈው ስብሰባ ሐሳቡ ሲነሣ ሁሉም "እንሂድ!" ብሎ አጨበጨበ። መቼ፣ በምን፣ በስንት የሚለው ግን አልተነሣም። እዚሁ ተነጋግረን አንድ የጋራ ዕቅድ እናውጣና ለሥራ አመራር ኮሚቴው እናቅርብ።

የመጀመሪያው ረቂቅ ይኸው። ቦታው ፍሎሪዳ ነው፤ የኬኔዲ የጠፈር ማዕከልና አጠገቡ ያለው የኬፕ ካናቬራል ጣቢያ። ከአትላንታ በመኪና ሰባት ስምንት ሰዓት ይፈጃል። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ እንነሣለን፣ ማታ ሮኬቱን እናያለን፣ እሁድ እንመለሳለን። ሮኬቱ ደግሞ ትልቁ ይሁን፣ ወደ ጨረቃ የሚሄደው። ልጆቻችን ዕድሜ ልካቸውን አይረሱትም። ሐሳባችሁን ስጡ፤ የማይሆነውን አውጡልኝ።

ኦርላንዶ የኖረው አባል፦
እህቴ፣ ስለጀመርሽው እግዜር ይስጥልን። ቅዳሜ ሄዶ እሁድ መመለሱ ግን ከረቂቁ መውጣት አለበት። ሮኬት በተባለለት ቀን ላይነሣ ይችላል። ዕቅዳችን ከዚህ ካልጀመረ ሰው አዝኖ ነው የሚመለሰው።

የጨረቃውን ሮኬት ውሰዱ። አርጤምስ 1 እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2022 ሊመጥቅ ነበር። በአንድ ሞተር የሙቀት ንባብ የተነሣ ቀረ። ሴፕቴምበር 3 ደግሞ ሃይድሮጅን አፈተለከና ዳግም ቀረ። ከዚያ ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ መጣና ሮኬቱን ወደ መገጣጠሚያ ሕንፃው መለሱት። የመጠቀው ኖቬምበር 16 ነው። ለኦገስት ፈቃድ ወስዶ፣ ሆቴል ከፍሎ፣ ልጆቹን ጭኖ የመጣ ሰው ባዶ እጁን ተመልሷል።

ስፔስኤክስ የተባለው ኩባንያ የሚያመጥቀው ፋልከን 9ም ቢሆን ያው ነው። ሜይ 27 ቀን 2020 ሁለት ጠፈርተኞች ውስጡ ተቀምጠው፣ ሊነሣ 17 ደቂቃ ያህል ሲቀረው በአየር ጠባይ ምክንያት ተላለፈ። የሄዱት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ጃንዋሪ 30 ቀን 2022 ደግሞ አንድ የሽርሽር መርከብ የተከለከለ የባሕር ክልል ውስጥ ገባና ሮኬቱ ለማግስቱ ተላለፈ። ጥፋቱ የሮኬቱም የሰማዩም አልነበረም።

አምጣቂዎቹ ስለ መብረቅ ጥብቅ የሆኑትም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1969 ሰዎችን ወደ ጨረቃ የወሰደው አፖሎ 12 ከተነሣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ መብረቅ መትቶታል። ሰዎቹ በደኅና ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ደመናው ካላማራቸው ይቆማሉ።

ስለዚህ ሦስት ሌሊት እንያዝ። ሮኬቱም ፋልከን 9 ይሁን። በ2024 ከፍሎሪዳ ብቻ ከ90 በላይ ሮኬቶች መጥቀዋል፤ አብዛኞቹ ፋልከን 9 ናቸው። አንዱ ቢቀር ሌላው በዚያው ሳምንት ሊኖር ይችላል። የጨረቃውን ሮኬት የመሰለ ግን አንዴ ካለፈህ ወራት ትጠብቃለህ።

የወጣቶች ተወካይ፦
እኔ ግን የጨረቃው እንዳይወጣ እለምናለሁ። ፋልከን 9 ቁመቱ 70 ሜትር ነው። የአርጤምስ ሮኬት 98 ሜትር ነው፣ ኃይሉም ከፋልከኑ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሰባት ሰዓት ተነድቶ ከተሄደ ትልቁን ማየት አለብን። ወይ ደግሞ ሰው የሚጭነው ይሁን። ታናናሾቼ "ውስጡ ሰው አለ" ሲባሉ ነው ዓይናቸው የሚበራው።

ሌላም አለ። ፋልከን 9 ከሆነ ደግሞ፣ ከተነሣ በኋላ የታችኛው ክፍል ተመልሶ ሲያርፍ ማየት እንፈልጋለን። ስምንት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከሰማይ ቁልቁል ይመጣና እሳት እየተፋ በእግሩ ይቆማል። ይኼ እንዳይቀርብን።

የሦስት ልጆች እናት፦
ሦስት ሌሊት ከተባለ የግድ ስፕሪንግ ብሬክ ላይ መሆን አለበት። ልጆቻችንን ከትምህርት ቤት ማስቀረት አንችልም። የዕረፍቱ ሳምንት ከካውንቲ ካውንቲ ይለያያል፤ አብዛኞቻችን የምንገናኝበትን ሳምንት ጸሐፊያችን ትጠይቅልን።

ያ ወቅት ሁዳዴ ላይ ነው የሚውለው። ስለዚህ ስንቁ የጾም ይሁን፤ ለማይጾመው ለብቻ ይያዛል። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ስልጆ፣ አዚፋ፣ በቴርሞስ ሻይ። እነዚህ ለመንገድ ይመቻሉ። ሽሮና ምስር ወጡን ኩሽና ያለው ቤት ከተከራየን እዚያው እንሠራለን። ከሰሙነ ሕማማት ጋር የሚጋጭ ከሆነ ግን አደራ፣ ቀኑ ይለወጥ። ብዙ እናቶች ቤተ ክርስቲያን ነው የሚውሉት።

ሽንት ቤትም ይታሰብበት። ሕፃን ይዞ አራት ሰዓት ወንዝ ዳር መቆም ቀላል አይደለም።

ኦርላንዶ የኖረው አባል፦
ወቅቱ በሌላ በኩልም ጥሩ ነው። በፈረንጆቹ በጋ ፍሎሪዳ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አያጣትም። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ደግሞ ከጁን እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ነው። ማርችና ኤፕሪል ደረቅ ናቸው። ከፍ ያለ ነፋስ ሊያስቀር ይችላል፣ ግን ከጁላይ ይሻላል።

ቦታን በተመለከተ ሦስት ምርጫ አለን። አንደኛው ፕላያሊንዳ የባሕር ዳርቻ ነው። ለኬኔዲ የማምጠቂያ መድረኮች በጣም ቅርብ ነው። ግን መግቢያው ይከፈላል፣ ሌሊት ይዘጋል፣ ለአንዳንድ ማምጠቅም ለደኅንነት ሲባል ይዘጋል። ትንኙም ብዙ ነው። ሕዝብ ይዞ ለሚሄድ አልመክርም። ሁለተኛው የኬኔዲ ማዕከል ለጎብኚዎች ያዘጋጀው የመመልከቻ ቦታ ነው። ትኬቱ ውድ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። ቅርበቱ ግን ወደር የለውም፤ የአፖሎና የሳተርን 5 አዳራሽ ከመድረክ 39ኤ ስድስት ኪሎ ሜትር ግድም ነው።

እኔ የምመርጠው ሦስተኛውን ነው፤ ታይተስቪል ከተማ፣ ኢንዲያን ወንዝ ዳር። በነጻ ነው። ስፔስ ቪው ፓርክ እዚያ ነው፣ ሱቅና ምግብ ቤት ቅርብ ነው፣ ውኃው ላይ የሚከለክል ዛፍም ሕንፃም የለም። ከመድረኮቹ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ እሳቱን ታያላችሁ፣ ሮኬቱ በጸጥታ ከፍ ይላል፣ ድምፁ የሚደርሰው አንድ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ነው። ልጆች "ድምፁ የታለ?" ሲሉ እስኪደርስ ድረስ አብረን እንቁጠር። ይህንን በመጽሐፍ ከማስተማር እዚያ ማሳየት ይበልጣል።

አንጋፋ አባል፦
ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ሳነብ ነበር። ደስ ብሎኛል። ታይዩዋን ከተባለው የቻይና ጣቢያ የአገራችን የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት በዲሴምበር 20 ቀን 2019 ስትመጥቅ ብዙዎቻችን በስልክ ተከታትለናል። በአካል የማየት ዕድል ከተገኘ እኔም መምጣት እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ያ ተመልሶ የሚያርፈው ክፍል ድምፁ እንዴት ነው? ከመካከላችን ጦርነት ያየን አለን። እኔ አንዱ ነኝ። ርችት በሚተኮስበት ቀን ከቤት የማይወጡ እናቶችም እንዳሉን ታውቃላችሁ። ይህን ቀድሜ ባውቅ ጥሩ ነው።

ኦርላንዶ የኖረው አባል፦
ጋሼ፣ ስለጠየቁ አመሰግናለሁ። ይህ ከሁሉም በፊት ሊነሣ የሚገባው ነው።

ድምፁ ሁለት ዓይነት ነው። ሲነሣ የሚሰማው ረጅም ጉርምርምታ ነው። ከ20 ኪሎ ሜትር ላይ ደረት ውስጥ ይሰማል፣ መስኮት ያንቀጠቅጣል፣ ግን ቀስ ብሎ መጥቶ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ሰው ይለምደዋል። የታችኛው ክፍል ተመልሶ ኬፕ ካናቬራል ምድር ላይ ሲያርፍ ግን ሌላ ነው። ከድምፅ ፈጥኖ ስለሚመጣ ድንገተኛ ፍንዳታ ይሰማል። አንዱ ሌላውን ተከትሎ፣ እንደ መድፍ። የማያውቅ ሰው ልቡ ይወድቃል።

መፍትሔ አለው። ሁሉም ፋልከን ምድር ላይ አይመለስም። ስታርሊንክ የተባሉትን የኢንተርኔት ሳተላይቶች የሚጭኑት አብዛኛውን ጊዜ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ፣ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ሰው አልባ መርከብ ላይ ነው የሚያርፉት። ከነዚያ የማረፊያ ፍንዳታው ታይተስቪል አይሰማም። ሰው ወይም ጭነት ወደ ጠፈር ጣቢያው የሚወስዱት ናቸው ብዙ ጊዜ ወደ ምድር የሚመለሱት። የት እንደሚያርፍ ደግሞ አስቀድሞ ይነገራል።

የወጣቶች ተወካይ፦
ጋሼ፣ ይህን አላሰብኩም ነበር። ማረፊያውን አጥብቄ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ጥያቄዬን አንስቻለሁ። የመጀመሪያው የጋራ ጉዞ መርከብ ላይ የሚያርፍ ይሁን። ማረፉን በስልክ ቀጥታ ሥርጭት እናያለን። ሰው የሚጭነውንና የጨረቃውን ወጣቶቹ ሌላ ጊዜ ራሳችንን ችለን እንሄዳለን። አንድም አባል በዚህ ምክንያት ቤቱ መቅረት የለበትም።

አንጋፋ አባል፦
ተባረክ ልጄ። እናንተን ደስታ ለመከልከል ግን አይደለም። ቀድሞ የተነገረው ሰው ይዘጋጃል። የማይችል ሆቴል ይቆያል። ብቻ ማንም ሳያውቅ አይድረስበት።

ሒሳብ ያዥ፦
በገንዘብ በኩል የኔ አቋም ይህ ነው። የማኅበሩ ካዝና በአንድ ቀን ላይ መወራረድ የለበትም። አውቶቡስ መከራየት ደስ ይላል፣ ግን ቀኑ ሲተላለፍ ክፍያው አይተላለፍም። በየግል መኪና፣ ተዳብለን እንሂድ። ማረፊያው ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ይሁን። ሁለትና ሦስት ቤተሰብ አንድ ቤት ቢጋራ የሦስቱ ሌሊት ወጪ ይቀላል። ታይተስቪል ሲወደድ ኦርላንዶ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሚርቀው። ማኅበሩ የሚደግፈው አቅም የሌላቸውን አረጋውያንና ተማሪዎች ይሁን፤ ስማቸውም በስብሰባ አይነበብ።

የሦስት ልጆች እናት፦
ሮኬቱ በሦስቱም ቀን ባይነሣስ? ለልጆቹ ምን እንላቸዋለን?

ኦርላንዶ የኖረው አባል፦
አንዱ ቀን ለኬኔዲ ማዕከል ጉብኝት ይሁን። የአፖሎዎቹ ሮኬት፣ እውነተኛው ሳተርን 5፣ እዚያ ተጋድሞ ይታያል፤ 111 ሜትር ያህል ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሄድ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። በጁላይ 2011 የመጨረሻውን የሻትል በረራ ያደረገችው የጠፈር መንኮራኩር አትላንቲስም እዚያው ናት። ስለ አገራችን ልጅ ስለ ዶክተር ቅጣው እጅጉ ብናወራላቸው ደግሞ ናሳ ውስጥ የሠራ ኢትዮጵያዊ እንደነበረ ይሰማሉ። ሮኬቱ ቢቀርም ጉዞው ባዶ አይሆንም። ይህን ለልጆቹ ከአትላንታ ሳንነሣ እንንገራቸው።

በዕለቱ ደግሞ አንድ ምልክት ያዙ። ፋልከን 9 ነዳጅ መሙላት የሚጀምረው ሊነሣ 35 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ያ ከተጀመረ ተስፋው ትልቅ ነው። ያኔ ልጆቹን ከመኪና አውጡ፣ ብርድ ልብስና ውኃ ያዙ። ከዚያ በፊት ማልቀስም መቸኮልም አያስፈልግም። ፀሐይ ከመውጣቷ ጥቂት በፊት ወይም ከጠለቀች ጥቂት በኋላ ከሆነ ጭሱ ላይ ፀሐይ ታርፍበትና ሰማዩ ላይ ነጭና ሰማያዊ ሆኖ ይዘረጋል። ያን የመሰለ ሰዓት ካገኘን እንምረጠው። ስልኩን ለአንድ ሰው ስጡና ሌላው በዓይኑ ይይ።

ሲያልቅ ሁሉም በአንዴ ይነሣል፣ መንገዱ ይዘጋል። እኛ ምግባችንን እዚያው እንብላና ቆይተን እንውጣ።

ጸሐፊ፦
በጣም ጥሩ። የተሻሻለው ረቂቅ እንዲህ ይነበባል፦

"ማኅበሩ በስፕሪንግ ብሬክ፣ ሰሙነ ሕማማትን በማይነካ ሳምንት፣ ለሦስት ሌሊት ወደ ታይተስቪልና አካባቢው የቤተሰብ ጉዞ ያዘጋጃል። ዓላማው የፋልከን 9 ሮኬት መምጠቅን በአካል ማየት ነው። የታችኛው ክፍል ውቅያኖስ ላይ የሚያርፍበት ይመረጣል። ስለ ድምፁ ለእያንዳንዱ ተጓዥ በአማርኛ አስቀድሞ ይነገራል። ሮኬቱ ቢተላለፍም አንድ ቀን ለኬኔዲ ማዕከል ጉብኝት ይውላል። ጉዞው በግል መኪና ነው፤ ማረፊያው የሚሰረዝ ይሆናል፤ ማኅበሩ አቅም የሌላቸውን ብቻ በምስጢር ይደግፋል። ስንቁ የጾም ነው፤ ለማይጾም ለብቻ ይያዛል።"

አንድ የራሴን ልጨምር። የተለጠፈው ሰዓት በፈረንጅ ይሁን በሐበሻ እንዳይደባለቅብን ሁለቱም ይጻፍ። አርጤምስ 1 የተነሣው በፈረንጅ ሌሊት 1፡47 ነው፤ በኛ 7፡47። አንድ ቤተሰብ በዚህ ቢሳሳት ስድስት ሰዓት ነው የሚያመልጠው።

ሒሳብ ያዥ፦
"የሚሰረዝ" ከሚለው ቀጥሎ "ማንም አባል የማይመለስ ክፍያ እንዲከፍል አይገደድም" ይግባ። የማዕከሉ ትኬት ለብቻው፣ በየፍላጎቱ ይሁን።

የሦስት ልጆች እናት፦
ሽንት ቤት ያለበት ቦታ መመረጡም ይጻፍ።

አንጋፋ አባል፦
እስማማለሁ። ወጣቶቹ ስለ ድምፁ የሚነገረውን ቢያዘጋጁ እኔ ለእናቶቹ አስረዳለሁ።

ጸሐፊ፦
ሦስቱም ገብተዋል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ። የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን ሳምንትና በመኪናችሁ ውስጥ ስንት ባዶ ወንበር እንዳለ እስከ ዓርብ ጻፉልኝ።