ጫጩቶቼ እግራቸው እየተጣመመ ነው፤ ከትራንስፎርመሩ ይሆን?

የሰላም እናት፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ፣ ጅሬን አካባቢ ነኝ። ወር ያለፋቸው ጫጩቶች አሉኝ። እግራቸው ይጣመማል፣ መቆም እያቃታቸው ነው። ከአጥሩ ውጭ የመብራት ትራንስፎርመር አለ። ጎረቤቴ «ጨረሩ አጥንታቸውን እየበላው ነው» አለችኝ። ቤታቸውን ላፍርሰውና ላዛውረው? ክረምቱ ስለከበደ አላወጣኋቸውም። መኗቸው በቆሎና ፉርሽካ ነው።

ዶሮ ወዳድ፦ ኧረ እህቴ፣ አታፍርሺ! መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። ፀሐይ ሳያይ በቆሎና ፉርሽካ ብቻ የሚበላ ጫጩት አጥንቱ በምን ይጠንክር? በቆሎ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። የፉርሽካው ፎስፈረስም አብዛኛው ፋይቴት በሚባል የእህል ውህድ የታሰረ ስለሆነ ጫጩት ብዙም አይጠቀምበትም። ቫይታሚን ዲ ከሌለ ደግሞ ያለችውም ካልሲየም ወደ ሰውነት አትገባም። መንቁራቸውን ቀስ ብለሽ ጫን አድርጊው። እንደ ጎማ ከታጠፈ ሪኬትስን (አጥንት የሚያለሰልስ በሽታ) ጠርጥሪ።

ታዛቢው፦ ጎረቤትሽ «ጨረር» ያለችው የመብራቱ መግነጢሳዊ መስክ አጥንት ላይ ምንም አያደርግም ማለትም ይከብዳል እኮ። በማደግ ላይ ባሉ አይጦች የተሠሩት ጥናቶች ውጤታቸው አንድ ዓይነት አይደለም።

የፊዚክስ መምህር፦ ልክ ነህ። እንዲያውም ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። አልገጥም ያለ ስብራት ላይ ጥቅል ሽቦ አስረው፣ በየቀኑ ለሰዓታት ምት ያለው መስክ ይለቁበታል። አሜሪካ በ1979 እ.ኤ.አ. ፈቅዳዋለች። ግን እሱ ቆዳ ላይ ተለጥፎ ነው። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው፤ መስኩም ከትራንስፎርመሩ ጥቂት ሜትር ሲርቁ ቶሎ ይወርዳል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለሕዝብ ያስቀመጠው ጣሪያ 200 ማይክሮቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ) ነው፤ አጥር ማዶ ያለ ትራንስፎርመር እዚያ አያደርስም። እኔን የሚያሰጋኝ የቆርቆሮው ጣሪያ ነው። ሽቦ እንዳይነካው እዪ።

የሰላም እናት፦ መንቁራቸው ይታጠፋል! ቤት የእንቁላል ጣይ መኖ አለኝ። ካልሲየም ስላለው እሱን ልስጣቸው?

ዶሮ ወዳድ፦ በፍጹም! የእሱ ካልሲየም ወደ 4 በመቶ ይጠጋል። ለጫጩት 1 በመቶ ገደማ ይበቃዋል፤ ትርፉ ኩላሊቱን ይጎዳዋል። የጫጩት መኖ ግዢ። በውኃ የሚበጠበጥ ዲ3 ያለበት ቫይታሚንም ጨምሪ፣ መጠኑ እሽጉ ላይ አለ። ፀሐይ ብቅ ስትል አውጫቸው፤ በመስኮት መስታወት የገባ ብርሃን አይሠራም።

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦ አንድ እግሩን ወደፊት፣ አንዱን ወደኋላ ዘርግቶ የሚተኛ ካለ ግን ማሬክስ የሚባለው የዶሮ ቫይረስ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ለይተሽ አስቀምጪው። ከታመሙት አንዱን ይዘሽ ወደ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ብቅ በይ። በጣም የተጣመሙት ሁሉ ይቃናሉ ብለሽ ግን አትጠብቂ።